ሥልጣንን የሚገታ ሥልጣን፦ ከሞንቴስኪዩ ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ክፍል

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን በያዙበት ዕለት፣ ወላጆቻቸው ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ በአገሪቱ የሚኖሩ ሕፃናት በአሜሪካ ምድር በመወለዳቸው ብቻ ዜግነት እንዳያገኙ የሚያዝ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ፈረሙ። በሦስተኛው ቀን በሲያትል ከተማ ያስቻሉ አንድ የፌዴራል ዳኛ ትእዛዙ እንዳይፈጸም አገዱ። ወዲያውም ሁለት ተቃራኒ ክሶች መሰማት ጀመሩ። የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች ማንም ያልመረጠው ዳኛ በአስፈጻሚው ሥራ ጣልቃ በመግባቱ የሥልጣን ክፍፍል ተጣሰ ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ የሥልጣን ክፍፍልን የጣሱት ሕገ መንግሥትን በአስተዳደር ትእዛዝ ለመለወጥ የሞከሩት ፕሬዚዳንቱ ናቸው አሉ።

ጉዳዩ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችንም የሚመለከት በመሆኑ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድም ሲያነጋግር ቆይቷል። በውይይቱ ውስጥ ግን አንድ ግር የሚያሰኝ ነገር አለ፤ ተቃራኒ አቋም የያዙት ሁለቱ ወገኖች የሚጠቅሱት መርህ አንድ መሆኑ ነው። ምክንያቱ፣ «የሥልጣን ክፍፍል» ሲባል ብዙዎች የሚረዱት ሦስት አጥሮችን በመሆኑ ይመስለኛል፦ ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና ሕግ ተርጓሚው በየአጥራቸው ተወስነው አንዱ ወደ ሌላው የማይሻገርበት አደረጃጀት። በዚህ አረዳድ አንዱ አካል ሌላውን ባስቆመ ቁጥር መርሁ የፈረሰ ይመስላል። መርሁን በዘመናዊ መልኩ ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ ግን የጻፈው ከዚህ የተለየ ነው። እርሱን ያሳሰቡት ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። እያንዳንዱ አካል ሌላውን ማስቆም ይችላል ወይ? በእነዚህ አካላት ውስጥ የተቀመጡትስ እነማን ናቸው? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ትኩረት አግኝቷል፤ በዘመናችን የሚታየውን አብዛኛውን ችግር የሚያስረዳው ግን እርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ዳኛ የነበረው ባሮን

ሻርል ሉዊ ደ ሰኮንዳ፣ በኋላ በማዕረግ ስሙ ሞንቴስኪዩ ተብሎ የታወቀው፣ በ1689 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በቦርዶ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የላ ብሬድ ግንብ ተወለደ። አጎቱ በ1716 ሲሞት ሁለት ነገሮችን አወረሰው፤ የባሮንነት ማዕረግንና በቦርዶ ፓርልማ ውስጥ የነበረውን የፕሬዚዳንትነት ወንበር። ፓርልማ ይባሉ የነበሩት የፈረንሳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ሲሆኑ፣ ስማቸው ከፓርላማ ጋር ቢመሳሰልም የተመረጡ የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች አልነበሩም። በእነርሱ ውስጥ የዳኝነት ወንበር እንደ ርስት ይወረስ፣ እንደ ንብረትም ይሸጥ ነበር፤ ሞንቴስኪዩም ወንበሩን በ1726 ሸጦታል።

እነዚህ ፍርድ ቤቶች ከመዳኘት ባሻገር የንጉሡን ዐዋጆች በመዝገባቸው የማስፈር ተግባር ነበራቸው። ያልተስማሙበትን ዐዋጅ ከመመዝገባቸው በፊት ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ለንጉሡ ያቀርባሉ፤ ንጉሡ በመጨረሻ ሊያስገድዷቸው ቢችሉም ጉዳዩ ይጓተታል፣ ምክንያቱም ይፋ ይወጣል። ጦርም ሆነ ገንዘብ የሌለው አካል የአንድን ፍጹማዊ ንጉሥ ፈቃድ እንዴት ሊያዘገይ እንደሚችል ወጣቱ ዳኛ ከውስጥ ሆኖ ተመልክቷል። ይህ ልምድ በኋላ በጻፈው ሁሉ ውስጥ ይታያል። እርሱ የተሟገተው ለዴሞክራሲ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል፤ የመሳፍንቱ መደብ አባል ነበር፣ የመደቡን መብቶችም በንጉሡና በሕዝቡ መካከል የቆሙ አስፈላጊ መከላከያዎች አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር።

ከ1728 እስከ 1731 በአውሮፓ አገሮች ተዘዋውሮ በመጨረሻም እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ለረጅም ዘመን የደከመበት «የሕጎች መንፈስ» የተባለው ሥራው በ1748 በጄኔቫ ያለ ደራሲ ስም ታተመ፤ በ1751 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዳይነበቡ ከከለከለቻቸው መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገባችው። በዚሁ ሥራ 24ኛ ክፍል ስለ ኢትዮጵያም ያነሣል፤ በዚያ ታላቅ ግዛት ውስጥ ፍጹም አምባገነንነት እንዳይሰፍን ያደረገው የክርስትና ሃይማኖት ነው ይላል፣ አልጋ ወራሹም የራሱ ግዛት እንዳለው ይገልጻል። በእርሱ ዘመን ጎንደር ላይ የነበሩት ነገሥታት የንጉሣዊ ቤተሰብ ወንዶችን በወህኒ አምባ ያስጠብቁ እንደነበር ለምናውቅ አንባቢዎች፣ ፈላስፋው ስለ ሩቅ አገሮች የነበረው መረጃ ምን ያህል የተዛባ እንደነበር ይህ በቂ ማሳያ ነው። ስለ ሥልጣን አሠራር የጻፈው ግን በቅርብ ያየውን በመመርመር ነው።

## የማገድ ሥልጣን

የሥልጣን ክፍፍል ትምህርት የሚገኘው በመጽሐፉ 11ኛ ክፍል ሲሆን፣ መነሻው የመንግሥት ሥራ መቀላጠፍ ሳይሆን የዜጋው ነጻነት ነው። ሞንቴስኪዩ የፖለቲካ ነጻነትን የሚበይነው፣ እያንዳንዱ ሰው ስለ ደኅንነቱ ካለው እምነት የሚመነጭ የአእምሮ ጸጥታ አድርጎ ነው፤ አንድ ዜጋ ሌላውን ዜጋ የማይፈራበት ሁኔታ ማለት ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ሁሉ ሥልጣኑን ያለ አግባብ ወደ መጠቀም እንደሚያዘነብልና ወሰን እስኪገጥመው ድረስ እንደሚሄድ የዘላለም ልምድ ያሳያል ይላል። መፍትሔውንም በገዢው ደግነት ላይ አልጣለውም፤ የነገሮች አደረጃጀት ራሱ ሥልጣን ሥልጣንን እንዲገታ ማድረግ አለበት ሲል ጽፏል።

ቀጥሎ በ6ኛው ምዕራፍ የሥልጣኖቹን መደባለቅ ውጤት አንድ በአንድ ይመረምራል። ሕግ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን በአንድ እጅ ከገቡ፣ ያው ንጉሥ ወይም ያው ምክር ቤት ጨቋኝ ሕግ አውጥቶ በጭቆና ሊያስፈጽመው ይችላል። ዳኝነት ከሕግ አውጪው ጋር ከተጣመረ ዳኛው ራሱ ሕግ አውጪ ስለሚሆን የዜጋው ሕይወት በዘፈቀደ ውሳኔ ሥር ይወድቃል፤ ከአስፈጻሚው ጋር ከተጣመረ ደግሞ ዳኛው የጨቋኝ ጉልበት ያገኛል።

እስከዚህ ያለው በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው ነው። ብዙም የማይነገረው ቀጣዩ ነው። ሞንቴስኪዩ ሥልጣንን በሌላ መንገድም ለሁለት ይከፍለዋል፤ የመወሰንና የማገድ ሥልጣን ብሎ። የመወሰን ሥልጣን ራስ የሚያዝዙበት ወይም የሌላውን ትእዛዝ የሚያርሙበት ሲሆን፣ የማገድ ሥልጣን ደግሞ ሌላው የወሰነውን ውጤት አልባ የሚያደርጉበት ነው። በእርሱ አደረጃጀት አስፈጻሚው ሕግ አያወጣም፤ ነገር ግን ሕግ አውጪው ያጸደቀውን ማገድ ይችላል። ዛሬ ይህ ቪቶ፣ ማለትም ሕግን በመቃወም የመመለስ ሥልጣን፣ ይባላል። ሕግ አውጪው በበኩሉ የየዕለቱን አስተዳደር ማስቆም ባይፈቀድለትም ያወጣቸው ሕጎች እንዴት እንደ ተፈጸሙ የመመርመር መብት አለው። ግብርንና ጦርን የሚመለከተውን ውሳኔም በየዓመቱ ማደስ አለበት፤ ለሁልጊዜ ከፈቀደ ግን አስፈጻሚው ከእንግዲህ የእርሱን ፈቃድ ስለማይፈልግ ሕግ አውጪው ነጻነቱን ያጣል። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው የአገራችን አባባል እዚህ ላይ ግማሹን ድጋፍ ያገኛል፤ ሞንቴስኪዩም የንጉሡ አካል መከሰስ የለበትም ይላል፣ ክፉ ምክር የሰጡት ሚኒስትሮቹ ግን ሊመረመሩና ሊቀጡ እንደሚገባ አስረግጦ ይጽፋል።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት መሠረት አንዱ አካል በሌላው ሥራ ውስጥ የተወሰነ እጅ ያለው መሆኑ የክፍፍሉ መፍረስ አይደለም፤ ክፍፍሉ የሚሠራበት መንገድ ነው። ፈጽሞ የማይነካኩ አካላት አንዱ ሌላውን ሊገቱ አይችሉም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ለዳኝነት የሰጠው ቦታ ነው። ዳኞች የሕጉን ቃል የሚናገር አፍ ብቻ ናቸው፣ ሥልጣናቸውም በአንድ ረገድ እንደሌለ የሚቆጠር ነው ብሏል። ፍርድ ቤቱ ቋሚ እንዳይሆንና ከሕዝቡ መካከል ለጊዜው በሚመረጡ ሰዎች እንዲቋቋም ይመክራል። የወጣን ሕግ ከሕገ መንግሥት ጋር ይቃረናል ብሎ የሚሽር ፍርድ ቤት በእርሱ ጽሑፍ ውስጥ የለም። የዛሬዎቹን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቶች በሞንቴስኪዩ ስም መከላከልም ሆነ መንቀፍ ያልጻፈውን እንዲናገር ማድረግ ነው።

## የቬኒስ ጉዳይ

ሞንቴስኪዩ ሥልጣኖች የተደባለቁባቸውን አገሮች ሲዘረዝር ሦስቱም በሱልጣኑ እጅ የነበሩባትን የኦቶማን ቱርክን ይጠቅሳል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው፣ ንጉሥ የሌላቸውን የጣሊያን ሪፐብሊኮች ከአውሮፓ ንጉሣዊ መንግሥታት ያነሰ ነጻነት ያለባቸው አድርጎ ማቅረቡ ነው።

ቬኒስ በወረቀት ላይ ስትታይ የክፍፍል አርአያ ነበረች። ሕግ የሚያወጣው ታላቁ ምክር ቤት፣ የሚያስፈጽመው ፕሬጋዲ የተባለው ሸንጎ፣ የሚዳኘውም ኳራንቲያ የተባለው አርባ አባላት የነበሩት ችሎት ነበር። ሦስት ተቋማት፣ ሦስት አዳራሾች፣ ሦስት የተለያዩ ተግባራት። ይሁንና፣ ይላል ሞንቴስኪዩ፣ ክፋቱ እነዚህ የተለያዩ አካላት የተቋቋሙት ከአንድ መደብ በወጡ ሹማምንት በመሆኑ ነው፤ ይህም ሁሉንም ከሞላ ጎደል አንድ ሥልጣን ያደርጋቸዋል። የቬኒስ መሳፍንት ቤተሰቦች ዛሬ በምክር ቤት፣ ነገ በአስተዳደር፣ ከነገ ወዲያ በችሎት እየተፈራረቁ ይቀመጡ ነበር። ሕግ ያወጣው ሰው ዘመድ ያስፈጽመዋል፣ የወዳጁ ልጅ ይዳኝበታል። ተራው ዜጋ የትኛውን አካል በሌላው ላይ ይግባኝ ሊልበት ይችላል?

ይህች አጭር ምንባብ የመጽሐፉ ቁልፍ ትመስለኛለች። ተቋማትን መለየት አስፈላጊ ቢሆንም በቂ እንዳልሆነ ትናገራለችና። አንዱ አካል ሌላውን የሚያግደው የተለየ ጥቅም፣ የተለየ የሹመት ምንጭ ወይም የተለየ ተጠያቂነት ሲኖረው ነው። ሞንቴስኪዩ በዘመኑ ይህን ልዩነት የፈለገው በማኅበራዊ መደቦች ውስጥ ነበር፤ ንጉሡ አስፈጻሚ፣ መሳፍንቱ በላይኛው ምክር ቤት፣ የሕዝቡ ተወካዮች በታችኛው ምክር ቤት። ያ የመደብ ሥርዓት ዛሬ የለም። በቦታው የገባው የፖለቲካ ፓርቲ ነው፤ ፓርቲ ደግሞ ልክ እንደ ቬኒስ ቤተሰቦች በሦስቱም አዳራሾች በአንድ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል።

## እንግሊዝን አስመልክቶ የቀረበ ትችት

ሞንቴስኪዩ እንግሊዝን የተረዳው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚል ትችት ከጥንት ጀምሮ አለ። እርሱ ለንደን በነበረበት ጊዜ መንግሥቱን ይመሩ የነበሩት ሮበርት ዋልፖል የታችኛው ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ አስፈጻሚው ከሕግ አውጪው ውስጥ የሚወጣበት የካቢኔ ሥርዓትም እየተመሠረተ ነበር። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዋልተር ባጅሆት በ1867 የእንግሊዝን ሕገ መንግሥት የስኬት ምስጢር የአስፈጻሚውና የሕግ አውጪው ሥልጣን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መዋሐድ ነው ሲል ጽፏል። ሎርድ ቻንስለር የተባለው ሹምም እስከ 2005ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ድረስ የካቢኔ አባል፣ የላይኛው ምክር ቤት ሰብሳቢና የዳኞች የበላይ ነበር።

ትችቱ በመረጃ ረገድ ትክክል ነው። ሞንቴስኪዩ ግን በምዕራፉ መጨረሻ ላይ እንግሊዞች በእርግጥ ይህን ነጻነት እየኖሩበት መሆን አለመሆናቸውን መመርመር የእርሱ ሥራ እንዳልሆነ፣ በሕጎቻቸው መደንገጉን መናገር እንደሚበቃው በግልጽ አስፍሯል።

## አሜሪካና ፈረንሳይ፦ ከአንድ ምንጭ ሁለት መንገድ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787 ሲረቀቅ፣ ተቃዋሚዎች ሰነዱ ሥልጣኖችን ደባልቋል ብለው ከሰሱ፤ ፕሬዚዳንቱ ሕግ የመመለስ ሥልጣን አለው፣ ሴኔቱ ሹመት ያጸድቃል፣ ባለሥልጣናትንም ከሥልጣን ለማውረድ ይዳኛል። ከሰነዱ አርቃቂዎች አንዱ የነበረው ጄምስ ማዲሰን፣ ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ ለመሟገት ከተጻፉት «የፌዴራሊስት ጽሑፎች» በ47ኛው ሞንቴስኪዩን ራሱን ጠቅሶ መለሰ። ፈላስፋው የከለከለው አንዱ አካል በሌላው ሥራ ከፊል ድርሻ እንዳይኖረው ሳይሆን፣ የአንዱ ሙሉ ሥልጣን የሌላውን ሙሉ ሥልጣን በያዙ እጆች እንዳይገባ ነው አለ። በ51ኛው ጽሑፍም ምኞት ምኞትን እንዲቋቋም መደረግ አለበት ሲል አከለ፤ የእያንዳንዱ ሹም የግል ፍላጎት ከያዘው ወንበር መብት ጋር ሲተሳሰር ወንበሩን ይከላከላል በሚል ስሌት ነው። በ1803 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርበሪና ማዲሰን ጉዳይ ከሕገ መንግሥት ጋር የሚቃረንን ሕግ የመሻር ሥልጣን ለራሱ አረጋገጠ። በዚህም ዳኝነት፣ ሞንቴስኪዩ እንደሌለ የቆጠረው ሥልጣን፣ እውነተኛ የማገድ ሥልጣን ሆነ።

ፈረንሳይ ከዚያው መጽሐፍ ተነሥታ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደች። የ1789ኙ የሰውና የዜጋ መብቶች መግለጫ በ16ኛው አንቀጽ የመብቶች ዋስትና ያልተረጋገጠበትና የሥልጣን ክፍፍል ያልተደነገገበት ማኅበረሰብ ሕገ መንግሥት የለውም ይላል። ነገር ግን አብዮተኞቹ ያስታወሱት ሌላም ነገር ነበር፤ የድሮዎቹ ፓርልማዎች የንጉሡን ክፉ ዐዋጅ ብቻ ሳይሆን የግብር ማሻሻያዎችንም ያደናቅፉ ነበር። ስለዚህ በኦገስት 1790 የወጣ ሕግ ዳኞች በማናቸውም መንገድ የአስተዳደሩን ሥራ እንዳያውኩ ከለከለ። የመንግሥትን ድርጊት የሚዳኝ የተለየ የአስተዳደር ችሎት፣ ከ1799 በተመሠረተው የመንግሥት ምክር ቤት ዙሪያ፣ ቀስ በቀስ ያደገው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሲያትሉ ውሳኔ ያስነሣው ክርክር መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። መደበኛ ዳኛ የመንግሥትን ትእዛዝ ማገዱ በ1790ው የፈረንሳይ አስተሳሰብ የክፍፍል ጥሰት ይሆናል፤ በአሜሪካ ሥርዓት ግን ዳኛው የተቀመጠበት ተግባር ነው። እውነተኛው ክርክር ዳኛው ማገድ ይችላል ወይ ሳይሆን እስከ ምን ድረስ ማገድ ይችላል የሚለው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 27 ቀን 2025 በ6 ለ3 ድምፅ የወሰነውም ይህንኑ ነው፤ የትእዛዙን ሕገ መንግሥታዊነት ሳይመረምር፣ የሥር ፍርድ ቤት ዳኞች ለከሳሾቹ ሙሉ መፍትሔ ከመስጠት አልፈው መላ አገሪቱን የሚሸፍን እግድ የመስጠት ሥልጣናቸውን አጠበበ። የቡድን ክስ፣ ማለትም ጥቂት ሰዎች ተመሳሳይ ጉዳይ ባላቸው ብዙዎች ስም የሚያቀርቡት ክስ፣ ግን ክፍት ሆኖ ቀረ። ከሳሾችም ወዲያው ወደዚያው መንገድ ዞሩ።

## በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥቶች

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ ሆኖም የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ፣ የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት የሚመረጡ ነበሩ። ዳኝነትም ቢሆን መጨረሻው ዙፋን ችሎት ነበር። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያው በሕዝብ የሚመረጥ ቢሆንም የሥልጣኑ ማእከል አልተለወጠም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የፓርላማ ሥርዓትን መረጠ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል፤ የአስፈጻሚነት ሥልጣንን የሚይዘው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ጥምረት ነው። ይህ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ብሪታንያም ጀርመንም እንዲሁ ናቸው። ልዩ የሚያደርገው ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት መሰጠቱ ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የተባለው 11 አባላት ያሉት የባለሙያ አካል ጉዳዩን አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የምክር ቤቱ ነው።

የዚህ አደረጃጀት ደጋፊዎች ሰነዱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የቃል ኪዳን ውል ስለሆነ ትርጓሜውም የእነርሱ ተወካዮች መሆን አለበት ይላሉ፤ ያልተመረጡ ዳኞች የተመረጠ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ መሻራቸው ከሕዝብ ሉዓላዊነት ጋር ይጋጫል የሚል ክርክርም ያነሣሉ። ክብደት ያለው ክርክር ነው። ተቺዎቹ ደግሞ የፖለቲካ ተወካዮች የራሳቸው ፓርቲ ባለ ጉዳይ በሆነበት ነገር ዳኛ ሆነው ይቀመጣሉ ይላሉ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫ ሲራዘም ይህ ጥያቄ በተግባር ታየ። የሥራ ዘመኑ ሊያበቃ የተቃረበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጉዳዩን ለትርጓሜ ላከ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን የሥልጣን ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። የውሳኔው የሕግ ምክንያት ጠንካራ ነው ደካማ የሚለውን ባለሙያዎች ይከራከሩበታል። የሞንቴስኪዩ ጥያቄ ግን ከዚያ ይቀድማል፦ ጠያቂው፣ ወሳኙና ከውሳኔው ተጠቃሚው ከአንድ የፖለቲካ ቤት በወጡበት ሁኔታ፣ ማንኛውም ውሳኔ የሌላውን ወገን አመኔታ ሊያገኝ ይችላል ወይ? በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ መያዛቸውን፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትም በዚያው ግንባርና በአጋሮቹ ሥር ከነበሩ የክልል ምክር ቤቶች መላካቸውን ስናስታውስ ነገሩ ከቬኒስ እጅግ የራቀ አይደለም።

## መገታት እስከ መቆም ሲደርስ

በክፍፍሉ ላይ ከቀረቡ ትችቶች ሁሉ የበረታው የዣን ዣክ ሩሶ ነው። በ1762 በጻፈው «ማኅበራዊ ውል» ሉዓላዊነት የሕዝቡ የጋራ ፈቃድ ስለሆነ ሊከፋፈል አይችልም ይላል። የዘመናችን ተቺዎች በዚህ ላይ መዘግየትን ይጨምራሉ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ በበጀት ባለመስማማቱ የፌዴራል መንግሥቱ ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ለ43 ቀናት በከፊል ተዘግቶ ነበር፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ያለ ደመወዝ ቆይተዋል። ይህ የወረቀት ችግር አይደለም፤ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ነው። ሞንቴስኪዩ ይህን አላጣውም። ሦስቱ አካላት፣ ማለትም አስፈጻሚውና ሁለቱ ምክር ቤቶች፣ እርስ በርስ ሲገታቱ እረፍት ወይም አለመንቀሳቀስ ሊፈጠር እንደሚገባው ይገልጽና፣ ነገሮች ግን በግድ ስለሚያንቀሳቅሷቸው ተስማምተው ለመሄድ ይገደዳሉ ይላል። ይህ ግምት በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይ ተስፈኛ ነው፤ ፓርቲዎች ከመዘጋቱ የምርጫ ትርፍ በሚጠብቁበት ጊዜ የሚያስገድዳቸው ነገር ዘግይቶ ይመጣል።

## የአስቸኳይ ጊዜ ፈተና

የክፍፍሉ ጥንካሬ የሚለካው በአስቸኳይ ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ የሦስት አገሮችን ድንጋጌዎች ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል።

የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ዩን ሶክ ዮል ዲሴምበር 3 ቀን 2024 ሌሊት ወታደራዊ አገዛዝ ዐወጁ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት 77ኛ አንቀጽ የብሔራዊ ምክር ቤቱ አባላት አብላጫ ድምፅ ከጠየቀ ፕሬዚዳንቱ ዐዋጁን ማንሣት አለባቸው ይላል። ወታደሮች ግቢውን በከበቡበት ሰዓት ከአባላቱ አንዳንዶቹ አጥር እየዘለሉ ገቡ፤ ከ300ው 190 ተገኙ፣ 190ውም ዐዋጁ እንዲነሣ ድምፅ ሰጡ። ሊነጋጋ ሲል ዐዋጁ ተነሣ። ከ190ው መካከል 18ቱ የፕሬዚዳንቱ የራሳቸው ፓርቲ አባላት ነበሩ። ዲሴምበር 14 ቀን ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን በ204 ድምፅ ከሰሰ፤ የሚያስፈልገው 200 ስለነበር ያለ ገዥው ፓርቲ አባላት ድምፅ አይሳካም ነበር። ኤፕሪል 4 ቀን 2025 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ከሥልጣን አነሷቸው።

በአሜሪካ የ1976ቱ የብሔራዊ አስቸኳይ ጊዜ ሕግ ኮንግረስ ፕሬዚዳንቱ ያወጀውን ሁኔታ ያለ እርሱ ፊርማ እንዲያስቆም ይፈቅድ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በሌላ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ግን እንዲህ ያለውን አሠራር ከሕገ መንግሥት ጋር የሚቃረን አደረገው፤ ከዚያ ወዲህ የማስቆሚያው ውሳኔ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይቀርባል፣ ፕሬዚዳንቱ ካልተቀበለው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በ2019 ሁለቱም ምክር ቤቶች የሜክሲኮን ድንበር በተመለከተ የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ለማስቆም ቢወስኑም ፕሬዚዳንት ትራምፕ መለሱት፤ የታችኛው ምክር ቤትም 248 ለ181 ድምፅ ሰጥቶ ሁለት ሦስተኛውን ሳያሟላ ቀረ። በሴኡል ተራ አብላጫ የሚያቆመውን በዋሺንግተን አብላጫው ማቆም አልቻለም።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 93ኛ አንቀጽ በዚህ ረገድ ከሁለቱም የጠበቀ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የደነገገው ዐዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልጸደቀ ይሻራል፤ ከጸደቀም ዕድሜው እስከ ስድስት ወር ነው፣ ለማደስም በየአራት ወሩ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ድንጋጌው በተግባር ምን እንደሚመስል የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ታይቷል። ያን ቀን ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁን ሲያጸድቅ 88 አባላት ተቃወሙ፤ ሁሉም የተመረጡት በገዥው ግንባርና በአጋሮቹ ስም ነበር። የድጋፉ ድምፅ በመጀመሪያ 346 ተብሎ ተነገረ፣ በኋላም 395 ተብሎ ታረመ፤ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሁለት ሦስተኛው መስፈርት ስለነበር ብርቱ ክርክር አስነሣ።

ሕገ መንግሥቱ በ54ኛው አንቀጽ የምክር ቤት አባላት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ተገዢ መሆናቸውን ይደነግጋል። የቬኒስን ችግር ሊያቃልል የሚችለው ይህ አንቀጽ ነው፤ የአንድ ፓርቲ ሰዎች በተቀመጡበት አዳራሽም ቢሆን አባሉ ከፓርቲው ተለይቶ ማገድ እንዲችል ይፈቅድለታልና። እጅ በማውጣት በሚቆጠር ድምፅ ግን ቁጥሩ በቆጣሪው ላይ ይመሠረታል፤ ማን ምን እንደ ወሰነም መራጩ አያውቅም። በኮሪያ ምክር ቤት፣ በምስጢር ድምፅ ከሚወሰኑ እንደ ባለሥልጣን ክስ ካሉ ጉዳዮች በቀር፣ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስሙ ይመዘገባል። በአዲስ አበባም የስም ዝርዝር ያለው የድምፅ አሰጣጥ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ሳያስፈልገው ምክር ቤቱ ራሱ በሚያወጣው የአሠራር ደንብ ሊገባ ይችላል፤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠየቅባቸው ጉዳዮች ላይ ከዚህ መጀመር ይቻላል።